በአረንጓዴ የተጻፈው ስም

እትዬ እንኳየሁ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የተናገሩበትን ቀን የሚያስታውስ ጎረቤት አልነበረም። በዚያ ረቡዕ፣ ሁዳዴ በገባ በአራተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን አንድ ጊዜ ጮኹ። ከዚያ ዝም አሉ። ወለላን የሒሳብ ደብተሯን አስጥሎ ያስነሣት ጩኸቱ ሳይሆን ከጩኸቱ በኋላ የመጣው ዝምታ ነበር።

ሁለቱን ግቢዎች የሚለየው የድንጋይ ካብ ነው። ወለላ ካቡን ዘላ ወረደች። ከአራዳ ቁልቁል በሚወርደው ሰፈር ላይ ከጠዋት ጀምሮ የበልግ ጉም ተኝቶበት ስለነበር ከጓሮ ያለችው አንድ ክፍል የድንጋይ ቤት ጠቁራ፣ በሯን ከፍታ ብቻዋን ቆማለች። መሪጌታ ገብረ ኪዳን ብራና የሚጽፉባት ቤት ናት። እህታቸው እትዬ እንኳየሁ በሩ ላይ ቆመዋል። ለወንድማቸው የጾም መፍቻ ያመጡትን ሳህን አልጣሉትም፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እንደያዙት ነው።

«የኔታ?» አለች ወለላ ከኋላቸው አንገቷን አስግጋ።

መሪጌታ ወደ ቆጡ ከሚያስወጣው መሰላል ሥር በጀርባቸው ተዘርግተዋል። አንድ ጫማቸው ወልቋል። መነጽራቸው ከጎናቸው ተሰብሮ ወድቋል።

«አትንኪው፣ ልጄ» አሉ እትዬ እንኳየሁ። «ነክቼዋለሁ። ቀዝቅዟል።»

ወለላ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። ወንድሟ ወንዴ ባጃጅ ሲነዳ ውሎ ከአራዳ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እየገዛ የሚያመጣላትን የምርመራ ልቦለድ ስታነብ ነው ያደገችው። መጻሕፍቱ ዋጋቸው የሚረክሰው ሽፋናቸው ተገንጥሎ፣ የመጨረሻዎቹ ገጾችም ብዙ ጊዜ ጎድለው ስለሚገኙ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ማን እንደሆነ ለወለላ የነገራት መጽሐፍ የለም። ራሷ ፈልጋ ታገኝና በቀይ ደብተሯ ጽፋ ለወንዴ ታስረዳዋለች። ወንዴ ሁልጊዜ «ልክ ነሽ» ይላታል፤ እሱም መጨረሻውን አያውቀውማ።

አሁን ፊቷ የተኙት ግን የመጽሐፍ ሰው አልነበሩም። ሦስት ዓመት ሙሉ እጇን ይዘው ቁም ጽሕፈት ያስተማሯት የኔታ ናቸው። ፊቷን ልታዞር ፈለገች። ዓይኗ ግን አልታዘዛትም፤ ማየቱን ቀጠለ።

ከመስኮቱ ሥር ጥቁሩ አጎዛ ተነጥፏል። አጠገቡ ሦስት ቀዳዳ ያለው ሳንቃ፣ በየቀዳዳውም የቀለም ቀንድ ተሰክቶ ቆሟል። ቀለም የሚፈጩበት ድቡልቡል ድንጋይ ግድግዳው ሥር ነው፤ ሥሩ ያለው መሬት ረጥቧል። በአትሮንሱ ላይ ከደባርቅ ወዲያ ካለ የደጋ ደብር ለመገልበጥ የመጣው አሮጌ ተአምረ ማርያም ተዘግቶ ተቀምጧል። ከፊቱ ደግሞ መሪጌታ የሚጽፉት አዲስ ብራና አለ። የግራው ዓምድ ሞልቷል። በቀኙ ዓምድ ሰባት መስመር ተጽፏል፤ በስድስተኛው መስመር ላይ «ማርያም» ይላል።

ወለላ ተጠግታ አየችው። ተሳስታ እንደሆነ ብላ እንደገና አየችው። የቅዱሳን ስም ሁልጊዜ በቀይ ነው የሚጻፈው። ይህኛው አረንጓዴ ነበር።

*

ኢንስፔክተር ሰርካለም ረዥም፣ ቀጭን፣ ጥያቄ ከጠየቀች በኋላ ሳትቸኩል መልሱን የምትጠብቅ ሴት ናት። ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረችና ብራናው ላይ ቆመች።

«ይህን የሚያስረዳኝ ማነው?»

«እኔ» አለ ዲያቆን ሰውአገኝ። የመሪጌታ ደቀ መዝሙር ነው። የሁዳዴ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ውሎ አሁን ገና መድረሱ ነው። ዓይኑ አብጧል። «የኔታ በየቀኑ ጠዋት አዲስ ገጽ ይጀምራሉ። የግራውን ዓምድ እስከ ስድስት ሰዓት ይጽፋሉ። ስድስት ሲሆን ብዕራቸውን ያስቀምጡና ይጸልያሉ። የቀኙን የሚጀምሩት ከጸሎት በኋላ ነው። አርባ ዓመት እንዲህ ነው የኖሩት።»

«እንግዲያው እነዚህን ሰባት መስመሮች ሲጽፉ ስድስት ሰዓት አልፏል ማለት ነው።»

«አዎ። ሰባት ሰዓት ግድም ይሆናል።»

«ይኼስ? ስሙ ለምን አረንጓዴ ሆነ?»

ይህን ጊዜ በሩ ላይ የቆመ አንድ ወጣት ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ወደ ብራናው ተጠጋ። ኪሩ ነው፤ ጎብኚዎችን የነገሥታቱን ግንብ የሚያስጎበኘው። መርዶውን ሰምቶ እየሮጠ መምጣቱ ነበር። ካርታ የሚይዝባት ረዥም የቆዳ ቱቦ እንደ ሁልጊዜው ትከሻው ላይ ተንጠልጥላለች። ጎንበስ ብሎ ስሙን አየው። ወለላ በልቧ ቆጠረች፤ እስከ ዘጠኝ ስትደርስ ገና ቀና አላለም።

«ዓይናቸው ደክሞ ነበር እኮ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባለፈው ሳምንት እኔን ሰውአገኝ ብለው ጠሩኝ። ምስኪን አባቴ። ዞሮባቸው ነው የጻፉት፤ ከዚያ ነው መሰላል ላይ የወጡት።»

ኢንስፔክተሯ ራሷን ነቀነቀች። ወለላ ግን በዚያው ማታ ደብተሯን ከፍታ እንዲህ ጻፈች፦ «አንደኛ፦ የኔታ ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ መሰላል ወጥተው አያውቁም። ከቆጥ መጽሐፍ የማወርደው እኔ ወይም ሰውአገኝ ነን። ሁለተኛ፦ ትናንት ከእኔ ጽሑፍ ላይ የዝንብ እግር የምታህል ነጥብ አይተው ጆሮዬን ቆንጥጠውኛል። ዓይናቸው አልደከመም። ሦስተኛ፦ ጆሮዬን አሁንም ያመኛል።» ሦስተኛውን ሰረዘችው። ከዚያ ደብተሩ ላይ ጎንበስ ብላ አለቀሰች።

*

ሐሙስ ጠዋት ሐኪሙ የተናገረው ነገር ሰፈሩን በሙሉ አጠቆረው። የመሪጌታ ጭንቅላት የተመታው በድቡልቡል ድንጋይ ነው፤ መሬቱ ግን ለስላሳ አፈር ነው። የቀለም መፍጫውን ድንጋይ ደግሞ አንድ ሰው አጥቦታል። የሞቱበትን ሰዓት ሐኪሙ በትክክል መናገር አልቻለም። ኢንስፔክተር ሰርካለም ግን ብራናውን ይዛለች፤ ብራናው ከቀትር በኋላ ይላል።

ከቀትር በኋላ ሰውአገኝ በምዕመናን ሁሉ ፊት ይቀድስ ነበር። ኪሩ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ከአሥራ አንድ ጎብኚዎች ጋር ግንብ ውስጥ ነበር። እትዬ እንኳየሁ አዘዞ ለቅሶ ላይ ነበሩ። ስምንት ሰዓት ላይ በጓሮው በር ሲገባና ሲወጣ የታየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወንዴ።

ማክሰኞ ዕለት ወንዴና መሪጌታ መጣላታቸውን የማያውቅ አልነበረም። መሪጌታ ባጃጁን ከመስኮታቸው ሥር እያስጓራ ሲጠግን ታገሡ ታገሡና በመጨረሻ ጭራቸውን ወርውረውበት «ይህች ማኪናህ ጆሮዬ ውስጥ ነው ወይ የምታድረው?» ብለውት ነበር። ወንዴም ሰው እየሰማ የማይረባ ቃል መልሷል።

ከቀብር መልስ ሁለት ፖሊሶች ድንኳኑ በር ላይ ጠበቁት።

«ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው የሄድኩት» አለ ወንዴ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አንኳኳሁ። መልስ ሲጠፋ ተኝተው ይሆናል ብዬ ተመለስኩ። በሩን እንኳ አልከፈትኩም።»

የወለላና የወንዴ እናት መሬት ላይ ተቀመጠች። ጎረቤቱ ሁሉ ዓይኑን ሰበረ። ያን ቀን ማንም ለወለላ ምሳ በልተሻል ወይ ብሎ አልጠየቃትም፤ ሰላምታም የሰጣት የለም። ፖሊስ ጣቢያ ድረስ በእግሯ ሄደች።

«የኔታ የሞቱት ከስድስት ሰዓት በፊት ነው» አለቻት ለኢንስፔክተሯ።

«በምን አወቅሽ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀዝቅዘው ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ይጽፉ የነበረ ሰው በዚህ ፍጥነት ይቀዘቅዛል?»

ሰርካለም ልጅቷን ረዘም አድርጋ አየቻት። «የድንጋይ ቤት ነው፤ ጉምም ነበር። እሱ ብቻውን አይበቃኝም፣ ወለላ። ወንድምሽን ስለምትወጂው ብቻም ልለቀው አልችልም። የሚታይ፣ የሚዳሰስ ነገር ካገኘሽ ግን አምጪልኝ። እሰማሻለሁ።»

*

እትዬ እንኳየሁ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ረቡዕ ጠዋት ስንት ሰዓት ወጡ፣ እትዬ?»

«ሦስት ተኩል ሲሆን። ገጹን ጀምሮ ነው የተውሁት።»

«መንገድ ላይ ሰው አላገኙም?»

«ማንን አገኛለሁ? ኪሩን ብቻ። ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ላይ ሽቅብ ሲመጣ አገኘሁት።» እትዬ እንኳየሁ በዚያ ሐዘን መሐል ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። «አንዱ ካልሲው አረንጓዴ፣ አንዱ ቡኒ። ይኼን የመሰለ ሱፍ ለብሶ። እንዲሁ ነው እኮ ከልጅነቱ። እዚህ ሲማርም...»

«ጋሼ ኪሩ እዚህ ተምረዋል?»

«ሦስት ዓመት። እጁ ከወንድሜ እጅ አይለይም ነበር፤ ሸጋ ጸሐፊ ይወጣዋል ብለን ነበር። ኋላ አንድ ዳዊት አበላሸና ወንድሜ አሰናበተው። እንዴት እንዳበላሸው አልነገረኝም። ‹የሱ ጥፋት አይደለም፣ እንኳየሁ፤ ግን ሊሆን አይችልም› ብቻ አለ። አሥር ዓመት አለፈው። ኪሩም ቂም አልያዘ፤ ሁሌ እየመጣ ይጠይቀው ነበር።»

ወለላ ይህን ሁሉ ጻፈችና ሰውአገኝን ፍለጋ ወጣች። በፖሊሱ ፈቃድ አብረው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገቡ። ክፍሉ የቀለምና የቆዳ ሽታውን ይዟል፤ ሰው አሁን ገና የወጣበት ይመስላል።

«ዓይንህን ጨፍን» አለችው። «የመካከለኛው ቀንድ ምንድን ነው?»

«ቀይ» አለ ሰውአገኝ ጨፍኖ። «ቀኝ ጥቁር፣ መካከል ቀይ፣ ግራ አረንጓዴ። የኔታ መጀመሪያ የሚያስተምሩት እሱን ነው። አንቺስ መች አጣሽው?»

«አሁን ክፈትና እይ።»

ሰውአገኝ ጎንበስ ብሎ ወደ ቀንዱ አፍ ተመለከተ። ከዚያ የግራውን አየ። ከዚያ ቀና አለ።

«ተለዋውጠዋል። መካከለኛው አረንጓዴ ነው።»

ወለላ ተንበርክካ የአጎዛውን ጫፍ ገለጠች። በጥቁሩ ጠጉር ላይና ሥሩ ባለው አፈር ላይ መዳፍ የሚያህል ቀይ ቀለም ፈስሶ ደርቋል። መጀመሪያ ደም መስሏት እጇን ሰበሰበች። ከዚያ አሸተተችው። ቀለም ነው።

«ቀንዶቹ ወድቀው ነበር» አለች በቀስታ። «የወደቁትን አንስቶ የመለሳቸው ሰው አለ።»

*

ዓርብ ጠዋት ቄስ ማሩ ከደጋ ወረዱ። መጽሐፉን ለመገልበጥ ያመጡት እሳቸው ናቸው። ጋቢያቸው ላይ የመንገዱ አቧራ እንዳለ አትሮንሱ ፊት ቆመው ተአምረ ማርያሙን ተሳለሙና ከፈቱት። ገለጡ። መልሰው ገለጡ።

«ምነው?» አሉ። «ሥዕሏ ወዴት ሄደች?»

ወለላ አብራቸው አየች። ከመጽሐፉ ወገብ ላይ አንድ ቅጠል በምላጭ ተቆርጧል፤ ጣት የማይሞላ ጠርዝ ብቻ ቀርቷል።

«እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ያለችበት ሥዕል ነበር» አሉ ቄስ ማሩ። «አያቶቻችን ስንት ክፉ ቀን በዋሻ ሸሽገው ያተረፏት ናት። አገሩን ምን ብዬ ነው የማየው?»

ለኢንስፔክተሯ ሊነግሩ ሲወጡ ወለላ ብቻዋን ቀረች። ጠርዙን እያየች ሳለ ክፍሉ ጨለም አለ። ኪሩ በሩ ላይ ቆሟል። ገባና በሩን ከኋላው ገፋ አደረገው።

«የእኛ መርማሪ» አለ እየሳቀ። «ሰፈሩን ሁሉ ስትጠይቂ ዋልሽ አሉ። እኔን ብቻ ዘለልሽኝ።»

«እርስዎማ ግንብ ነበሩ፣ ጋሼ።»

«ነበርኩ። አሥራ አንድ ሰው ያውቃል።» ተጠጋና አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ከአፉ የከረሜላ ሽታ ይመጣል። «ወንዴን ስለምትወጂ እንደምትጨነቂ ይገባኛል። ግን ልጅ ነሽ፤ የማይሆን ነገር ብትናገሪ ሰው ይጎዳል። አንቺም ትጎጃለሽ። ምን አገኘሽ? ለእኔ ንገሪኝ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ብቻ ነበር። ወለላ ዓይኗን ከእሱ አሸሸች። ከግድግዳው መደርደሪያ ላይ ሁለት ደብተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሰውአገኝ ጠዋት ከፍ አድርጎ ያስቀመጠላት የእሷ ቀዩ ነው፣ ሌላው ሰውአገኝ ጸሎት የሚጽፍበት አረንጓዴ። በመጠንም በሌላም ነገር አይለያዩም። ሐሳቡ የመጣላት ከፍርሃቷ ውስጥ ነው።

«ምንም አላገኘሁም» አለች። «ከፈለጉ ያያሉ፤ ሁሉም ደብተሬ ላይ አለ። ቀዩን ያቀብሉኝ፤ እኔ አልደርስበትም።»

ኪሩ ተነሣ። እጁ ሁለቱ ደብተሮች ላይ ለአፍታ አንዣበበና አንዱን ይዞ ተመለሰ።

አረንጓዴውን።

ወለላ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ገለጥ ስታደርገው የሰውአገኝ ጸሎት ነው፤ ኪሩ ከትከሻዋ በላይ አነበበና ግራ ተጋባ።

«ይኼ እኮ ጸሎት ነው።»

«በጾም ምን ይጻፋል፣ ጋሼ?» አለች ወለላ፤ ከዚያም እናቴ ጠራችኝ ብላ ወጣች። እስከ ካቡ በዝግታ ተራመደች። ከካቡ ወዲያ ግን እስከ ፖሊስ ጣቢያ አልቆመችም።

*

በዚያው ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በእትዬ እንኳየሁ ሳሎን ተሰበሰቡ። ወንዴ ከአንድ ፖሊስ ጋር ተቀምጧል፤ ሁለት ቀን ባልተላጨ ፊቱ እህቱን አይቶ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሰውአገኝ፣ ቄስ ማሩና ኪሩ አግዳሚው ላይ ናቸው። የኪሩ ቱቦ ጉልበቱ ላይ ተጋድማለች።

«መጀመሪያ ቃላችሁን ትፈርማላችሁ» አለች ኢንስፔክተር ሰርካለም። ጠረጴዛው ላይ ክዳን የሌላቸው፣ ቅርጻቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት እስክሪብቶዎች አሉ። «በቀዩ ይሁን። ሰማያዊ ያለቀብን ጊዜ ነው።»

እትዬ እንኳየሁ መጻፍ ስለማያውቁ በጣታቸው ፈረሙ። ቄስ ማሩ ቀዩን አንስተው ፈረሙ። ሰውአገኝም እንዲሁ። ኢንስፔክተሯ በየመሐሉ እስክሪብቶዎቹን ቦታ ታለዋውጣቸዋለች። ወንዴ በቀዩ የፈረመው ፊርማ የዶሮ ጭረት ስለመሰለ ፖሊሱ ወረቀቱን አዙሮ አየው። በመጨረሻ ኪሩ ተነሣ፣ ጎንበስ አለ፣ አንዱን አነሣና ባማረ ቁም ጽሕፈት ስሙን ጻፈ።

በአረንጓዴ።

የሁሉም ዓይን ፊርማው ላይ ተተከለ። ኪሩ ምን እንደሚያዩ አልገባውም። ፊታቸውን በየተራ ተመለከተ።

«ምን ሆናችኋል?»

«ንገሪያቸው፣ ወለላ» አለች ሰርካለም። «ያገኘሽው አንቺ ነሽ።»

ወለላ ተነሣች። መጽሐፍ ላይ መርማሪው እንዲህ ሲቆም እጁን ኪሱ ይከታል፤ የእሷ ቀሚስ ኪስ አልነበረውም። እጇን የት እንደምታደርግ ጠፋባትና ደብተሯን አቀፈች።

«ሁላችንም የኔታ ከቀትር በኋላ ሞቱ ብለን ነበር፤ የቀኙ ዓምድ ስለተጀመረ። ግን እነዚያን ሰባት መስመሮች የጻፉት እሳቸው ባይሆኑስ ብዬ አሰብኩ። አረንጓዴውን ስም ያየ ሁሉ ዓይናቸው ደክሞ ነው አለ። ዓይናቸው ግን አልደከመም፤ ማክሰኞ ዕለት እኔ ራሴ አይቻለሁ። ደግሞም የቀለም ቀንዶቹ ተለዋውጠዋል። መካከል መሆን ያለበት ቀዩ ግራ ነው፤ አረንጓዴው መካከል። ከአጎዛው ሥር ቀይ ቀለም ፈስሷል። ስለዚህ ግብግብ ነበረ፤ ቀንዶቹ ወደቁ። አንድ ሰው አንስቶ መለሳቸው። ያ ሰው ቀዩን የት እንደሚያደርግ አልለየውም።»

«የማያውቅ ሰው ነዋ» አለ ኪሩ። «ወንዴ ቀንድ ከቀንድ አይለይም።»

«ወንዴ ቢሆን ስሙ በቀለም እንደሚለይ አያውቅም፤ በጥቁር ይጽፈው ነበር። ይህ ሰው ግን ስሙ ሲደርስ ጥቁሩን ትቶ ወደ መካከለኛው ቀንድ ሄዷል። መካከለኛው ቀይ መሆኑን የተማረ ሰው ነው። እዚህ ቤት የተማረ። የየኔታን እጅ አስመስሎ መጻፍ የሚችልም እዚህ የተማረ ብቻ ነው። እንኪያስ እኔ ነኝ፣ ሰውአገኝ ነው፣ ወይም እርስዎ ነዎት።»

ትንፋሽ ወሰደች።

«የእኔ እጅ ገና የልጅ እጅ ነው። የመጽሐፉን የሐረግ ጌጥ በሦስት ቀለም የሚሥለው ሰውአገኝ ነው፤ ከብዕሩ አረንጓዴ ሲወጣ ቢያይ በመጀመሪያው ፊደል ያቆም ነበር። ያላቆመው ሰው አረንጓዴ መሆኑን ያላየ ነው። የቀዩን መፍሰስም ጥቁር አጎዛ ላይ አላየውም። ረቡዕ ኢንስፔክተሯ ‹ስሙ ለምን አረንጓዴ ሆነ?› ሲሉ መነጽርዎን አውልቀው ያን ያህል ጊዜ ያዩት ለዚህ ነው። ዛሬ ጠዋት ቀይ ደብተር ስጠይቅዎ አረንጓዴ ሰጡኝ። አሁንም በአረንጓዴ ፈረሙ። የኔታ ያሰናበቱዎትም ለዚሁ ይመስለኛል። ለእትዬ ‹የሱ ጥፋት አይደለም› ነው ያሏቸው፤ ቀለም አለመለየት ጥፋት አይደለምና።»

ኪሩ የፈረመበትን ወረቀት አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋው። ዓይኑን አጠበበ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወለላ አዘነችለት።

«መስመሮቹን የጻፏቸው» አለች «የሞታቸውን ሰዓት ወደ ቀትር ለመግፋት ነው። ከስድስት በኋላ ምስክር አለዎት። ጠዋት ግን የለዎትም። እትዬ እንኳየሁ ሦስት ተኩል ላይ ወደዚህ ሲመጡ አይተውዎታል።»

«አሥር ዓመት ስጠይቀው የኖርኩ ሰው ነኝ» አለ ኪሩ። «ምን አጥቼ ነው የምገድለው?»

ሰርካለም እጇን ዘረጋች። «ቱቦህን።»

ኪሩ አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ ከጉልበቱ ላይ አነሣትና ክዳኗን ፈታ። መጀመሪያ የከተማው ካርታ ወጣ። ከዚያ የስሜን ተራሮች ካርታ። በሁለቱ መሐል ተጠቅልሎ የቆየው ብራና ሲዘረጋ ቄስ ማሩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በግንባራቸው ተደፉ።

«የሥዕሏ ገዢ ነገ ነበር የሚመጣው» አለ ኪሩ። ድምፁ ተራ ነገር የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር። «ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ቆረጥኩት። አውቀው እንደሁ እንጃ፤ ወዲያው ተመለሱ። እጄን ያዙኝ። ገፋኋቸው፤ ያን ያህል አልገፋኋቸውም። ድንጋዩ ላይ ወደቁ።»

ፖሊሱ ሊያስነሣው ሲል እትዬ እንኳየሁ «ቆይ» አሉ። ከጥግ ተነሥተው ፊቱ ቆሙ። ቁመታቸው የተቀመጠውን ሰው ያህል ብቻ ነው።

«ወንድሜ ሲወድቅ ምን አለ?»

ኪሩ አንገቱን ደፋ።

«ንገረኝ እንጂ። እህቱ ነኝ።»

«‹ልጄ፣ እጅህን ስጠኝ› አሉ» አለ ኪሩ። «ሁለት ጊዜ።»

«ሰጠኸው?»

ውጭ ድንኳኑ ውስጥ ሰዎች ያወራሉ፤ አንድ ሰው ውሃ ጠየቀ፤ ሌላው አቀበለው።

«እጽፍ ነበር» አለ ኪሩ በመጨረሻ።

ወስደውት ሲወጡ ማንም ከተቀመጠበት አልተነሣም። ሰርካለም የወንዴን ካቴና ፈትታ በሩ ላይ ለወለላ አንድ ነገር ልትላት ፈለገች፤ ከዚያ ትከሻዋን ነክታ ብቻ አለፈች። ወለላ ገዳዩን ባገኘች ቁጥር የምታውቀውን ደስታ ጠበቀች። አልመጣም። ሦስተኛውን መስመር ሲጽፍ የኔታ እየተነፈሱ ይሆን? አምስተኛውንስ?

እትዬ እንኳየሁ አሁንም መሐል ወለሉ ላይ ቆመዋል። ወለላ ሄዳ ወገባቸውን አቀፈች። አሮጊቷ ረቡዕ ያላለቀሱትን ልቅሶ ያን ጊዜ ጀመሩ፤ ወንዴም መጥቶ ሁለቱንም ደግፎ ቆመ።